ዘጠኝ ሰከንድ

አንዴ።
ሁለቴ።
ሦስቴ ሲያቃስት የኮሪደሩ ወለል፣
ዓይኔን ሳልገልጥ ነው በጆሮዬ የምከተል፤
ስድስት እርምጃ፣ መብራት፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣
ከዚያ ጠብ... እንደገና ጠብ...
ያለ ግፊት፣ ያለ እርካታ።

ሠላሳ አራት ዓመት የእንፋሎት ባቡር የነዳህ ሰው፣
ቦይለሩ ሲያጓራ በአንድ ጣትህ የምትመልሰው፣
ሎሚ ያከለች ዕጢ፣ ሴቬሪን፣ ደጅ አስጠናችህ፣
ከገዛ ገላህ በር ላይ በሌሊት አቆመችህ።

ወደ ፖዝናን ስንሄድ ለልጅ ልጃችን ክርስትና፣
አንተ የየጣቢያውን ሽንት ቤት ስታጠና፣
ሁለት ዝሎቲ ለበረኛዋ በግራ ኪስህ፣
ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ላብ ሲወርድ ከራስህ፤
«ዕድሜ ነው» አልከኝ። ዕድሜ ምን በደለ!
አፍሮ ነው እንጂ ሰው እያመመው ዝም ያለ።

«ካንሰር አይደለም» አለች ሐኪሟ ወረቀቱን ገልጣ፣
ያን ጊዜ ነበር የእኔ ትንፋሽ የወጣ።
አንተ ግን ሐሳብህ ነጉዷል ወደ ቢላዋው ጉዳይ፣
ወንድምህ ቦሌስዋቭ ስንት ሳምንት ደም እንዳየ ሽንቱ ላይ።
ክኒኑንማ ሞክረነው ነበር፤ ከአልጋ በተነሣህ ቁጥር
ራስህን አዙሮህ፣ እጀታ ጨብጠህ ስትደናበር።

እስክሪብቶ አነሣች። ፊኛ ሣለች፣ አንገቷን የሚያንቅ ቀለበት።
«አንደኛው፣ መጋረጃ እንደ መሰብሰብ ነው፤
በትንንሽ ክር ዕጢውን ወደ ጎን ስቦ ማሰር ነው።
ሌላው በእጅ አንጓ ገብቶ በደም ሥር መጓዝ፣
ዕጢው የሚጠጣበትን ምንጭ በደቃቅ አሸዋ መያዝ።
ደግሞም አለ...» አለች፣ «እንፋሎት።»

እንፋሎት!
ሳቅህ ነርሷን ከሚቀጥለው ክፍል ጠራት።
«ውሃ አፍልታችሁ?»
«አዎ። ጥቂት ጠብታ፣ በመርፌ።
ለአንድ ውጊያ ዘጠኝ ሰከንድ።»
«ግፊቱስ ስንት ነው?» ስትላት
ጎብጦ የገባው ጀርባህ ወንበሩ ላይ ቀና አለ።
አላወቀችም፤ አፈረች፤ ግን አጣርታ ደወለች ማታ፤
ቁጥሩን ቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፍከው፣
ከዕለቱ ቅዱስ ስም በታች፣ በቀይ፣ በደስታ።

ሐሙስ ነበር።
ከማሽን የቀዳሁት ሻይ ሳይበርድ አወጡህ።
እንዲህ ቀላል ነው ልል ነበር፤ አልልም።
አምስት ቀን ቱቦ፣ ጭንህ ላይ የታሰረ ከረጢት፣
ሰፊው ሱሪህ፣ ያ የአባትህ፣ ከሣጥን ወጥቶለት፤
ከዚያም ሦስት ሳምንት እንደ በርበሬ ማቃጠል፣
ቅዱሳኑን በየስማቸው እየጠሩ መራገም፣ ማማረር፣ መንቀል መትከል።
ነግራን ነበር ሐኪሟ። ማን ሰማ!
«እንፋሎት ከዳኝ» አልክ፣ «ስንት ዘመን ያገለገልኩት።»
«ዳገት ላይ ባቡር ይቸኩላል ወይ?» አልኩህ።
አኮረፍክ። ሾርባውን ግን ጨረስከው።

በስድስተኛው ሳምንት፣ በኅዳር፣
በረዶው የመስኮቱን ከንፈር ሲነካ፣
ድንገት ነቃሁ፤
የቀሰቀሰኝ ድምፅ አልነበረም ለካ።
ወለሉ ዝም።
አንዴ የለም። ሁለቴ የለም።
ሰዓቱ አራት ተኩል ይላል፤ አንተ ከጎኔ ተጋድመህ፣
አፍህን ከፍተህ፣ ከእነ ጢምህ፣ ከእነ ሙሉ ክብደትህ።
ደነገጥኩ፤ ልቤ ከዚህ ወዲያ ሌላ አላሰበም፤
መዳፌን አፍንጫህ ሥር አስጠጋሁት፣
ሞቀኝ፤
አሁንም ሞቀኝ።
የማይረባ፣ የተባረከ ጭስ፣ ያንተ እንፋሎት።

ከዚህ በኋላ ማን ይተኛል? ተነሣሁ፤ እኔም ሰው ነኝ፣
ሁለት ኩባያ ሻይ የጠጣሁ፣ ሰባ ዓመት የሞላኝ።
ስድስት እርምጃ። ወለሉ ከእግሬ በታች አቃሰተ፤
አንተም ከጨለማው፣ በእንቅልፍ ልብህ፣ ተቆጥተህ፦
«ማን ነው እሱ?
ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለሰው?»